ተቅማጥ፣ ጨውና ስኳር፦ ውሃ ወደ ሰውነታችን ሕዋሳት የሚገባበት መንገድ

በአጭሩ

• ተቅማጥ የያዘውን ሰው ለሞት የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው።
• ጨውና ስኳር በትክክለኛ መጠን አብረው ሲገኙ በአንጀት ሕዋሳት ሽፋን ላይ ባለ አንድ በር ይገባሉ፤ ውሃም ይከተላቸዋል። በአብዛኛው ተቅማጥ፣ በኮሌራ ጊዜም ጭምር፣ ይህ በር ሥራውን አያቆምም።
• ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም በተለምዶ ኦአርኤስ የሚባለው ዱቄት የተሠራው በዚህ እውቀት ነው።
• አንድ ከረጢት ዱቄት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ከዚያ ማወፈር ይጎዳል፤ ከዚያ ማቅጠንም ጥቅሙን ይቀንሳል።

ይህ ጽሑፍ ለምን አስፈለገ?

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስሠራ ከቤተሰብ ደጋግሜ የምሰማቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው «ውሃ ስንሰጠው ተቅማጡ ባሰበት፣ ስለዚህ ከለከልነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «መድኃኒቱ እንዲጠነክርለት ብለን ከረጢቱን በአንድ ብርጭቆ በጠበጥነው» የሚል ነው። ሁለቱም የሚደረጉት ለልጁ ታስቦ ነው፤ ሁለቱም ግን ልጁን ይጎዱታል።

ከማጂ ደጋማ ቀበሌዎች ተነስቶ ሚዛን ተፈሪ ለመድረስ ረጅም ጉዞ ነው። በዝናብ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ይበላሻል። በዚያ ጉዞ ላይ ያለ ልጅ ዕድሉ የሚወሰነው ሆስፒታል ሲደርስ በሚደረግለት ሕክምና ብቻ አይደለም፤ ከቤት ከወጣ ጀምሮ በእናቱ እጅ ባለው ጽዋም ጭምር ነው። ለዚህ ነው ኦአርኤስ ለምን እንደሚሠራ ማወቅ የሚጠቅመው። ምክንያቱን የተረዳ ሰው መጠኑን አያዛባም፣ መስጠቱንም አያቋርጥም።

የሕዋስ ሽፋን ምንድን ነው?

ሰውነታችን በዓይን በማይታዩ እጅግ ብዙ ሕዋሳት የተገነባ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ ሽፋን ተከቧል። ሽፋኑ በጣም ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ለማግኘት ከ100,000 በላይ ሽፋኖችን መደራረብ ያስፈልጋል።

ሽፋኑ በዋናነት የተሠራው ጎን ለጎን ከተደረደሩ ሁለት የስብ ንጣፎች ነው። ዘይት ከውሃ ጋር እንደማይዋሐድ ሁሉ፣ በውሃ የሚሟሙ እንደ ጨውና ስኳር ያሉ ነገሮችም ይህን የስብ ግድግዳ በራሳቸው ማለፍ አይችሉም። ስለዚህ በግድግዳው ውስጥ ከፕሮቲን የተሠሩ በሮች አሉ። እያንዳንዱ በር የሚያሳልፈውን ይመርጣል፤ የጨው በር ስኳርን አያሳልፍም፣ የውሃ በርም ጨውን አያሳልፍም።

ነገሮች በሽፋኑ የሚያልፉት እንዴት ነው?

1. ያለ በር፣ በቀጥታ

ቡና ሲቆላ ሽታው ከምድጃው ተነስቶ ቤቱን ይሞላል፣ ቀጥሎም ጎረቤት ይደርሳል። ማንም አይገፋውም፤ ከበዛበት ቦታ ወደ አነሰበት ቦታ ራሱ ይሰራጫል። በሰውነት ውስጥም ኦክስጅን ከሳንባ ወደ ደም የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው።

ቡና ውስጥ ያለው ካፌይንም የስቡን ግድግዳ በቀላሉ ያልፋል። አንድ ሲኒ ጠጥተን ብዙ ሳንቆይ የምንነቃቃው ካፌይኑ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ሳይቸገር ስለሚደርስ ነው። በእርግዝና ጊዜም ወደ ፅንሱ ያልፋል። ነፍሰ ጡር እናቶች ቡና እንዲቀንሱ የሚመከሩት ለዚህ ነው።

2. የውሃ ጉዞ

ደረቅ ባቄላ ሌሊቱን በውሃ ሲዘፈዘፍ ያብጣል። የተከተፈ ጎመን ላይ ጨው ሲነሰነስ ደግሞ ውሃ ያወጣል። ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ሕግ ነው፤ ውሃ የሟሟ ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት ይሄዳል። ይህ ጉዞ ኦስሞሲስ ይባላል።

የጫካ ማር ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቀመጠውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ማር ስኳሩ ስለሚበዛ በላዩ ከሚያርፉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ውስጥ ውሃቸውን ስቦ ያደርቃቸዋል። በአንጀታችን ውስጥም ሕጉ ያው ነው። አንጀት ውስጥ የገባው ፈሳሽ ከደማችን ይልቅ ወፍራም ከሆነ ውሃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል። ይህን ነጥብ ያስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

3. በበር፣ ያለ ጉልበት

አንዳንድ ነገሮች በር ከተከፈተላቸው ከበዛበት ወደ አነሰበት ራሳቸው ይገባሉ። ከምግብ በኋላ ስኳር ከደም ወደ ጡንቻ የሚገባው እንዲህ ነው። እነዚህን በሮች ወደ ሕዋሱ ሽፋን የሚያመጣቸው ኢንሱሊን ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደሙ ውስጥ ስኳር ተትረፍርፎ ሳለ የሚደክመው ኢንሱሊን ስላነሰው ወይም ሕዋሱ ለኢንሱሊን በደንብ ስለማይታዘዝ ነው።

4. በጉልበት

አንዳንዱን ነገር ደግሞ ሕዋሱ ካነሰበት ወደ በዛበት መውሰድ አለበት። ይህ የቡና ጆንያ ተሸክሞ ዳገት እንደመውጣት ነው፤ ያለ ጉልበት አይሆንም። በሕዋሳችን ሽፋን ላይ ያለው ዋናው ተሸካሚ የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ነው። በአንድ ዙር ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ አውጥቶ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ሶዲየም የምግብ ጨው ዋና ክፍል ነው። ፓምፑ ሌት ተቀን ስለሚሠራ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ሶዲየም ምንጊዜም ከውጭው ያነሰ ነው። ስለዚህ ውጭ ያለው ሶዲየም በር ባገኘ ቁጥር ወደ ውስጥ ለመግባት ዝግጁ ነው።

5. በጋራ በር

በቀጭኑ አንጀት ሕዋሳት ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው ካልመጡ የማያሳልፍ በር አለ። ግሉኮስ ስኳር በአንጀት ሲፈጭ የሚገኝ ነው። በሩ በአንድ ጊዜ ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ ያስገባል። እነሱ ሲገቡ የሕዋሱ ወገን የሟሟ ነገር ይበዛበታል፤ በዚህ ጊዜ ውሃም በኦስሞሲስ ሕግ ይከተላቸዋል። ፖታሲየምና ሌሎች ጨዎችም ከውሃው ጋር ይገባሉ።

ተቅማጥ ሲይዝ ምን ይበላሻል?

በጤናማ አዋቂ ሰው አንጀት በቀን ከ8 እስከ 9 ሊትር ፈሳሽ ያልፋል። ከዚህ ውስጥ የጠጣነውና የበላነው 2 ሊትር ያህሉ ነው፤ ቀሪው ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞትና ሌሎች ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸው ፈሳሾች ናቸው። አንጀት ሁሉንም ማለት ይቻላል መልሶ ይመጥጠዋል። በሰገራ የሚወጣው ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም።

የተቅማጥ ተሕዋስያን ይህን ሚዛን ያዛባሉ። ኮሌራን እንውሰድ። ኢትዮጵያ ውስጥ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወይም አተት በሚል ስም የሚታወቀውን ሕመም ከሚያመጡት አንዱ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ የሚረጨው መርዝ የአንጀት ሕዋሳትን የክሎራይድ በር ከፍቶ ይተወዋል። ክሎራይድ ወደ አንጀት ይፈሳል፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውሃም ሁለቱን ይከተላል። በጣም የታመመ አዋቂ በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። መርዙ የመውጫውን በር ቢከፍትም ሶዲየምና ግሉኮስ የሚገቡበትን የጋራ በር አይዘጋውም። ባዶ ውሃ ወይም የጨው ውሃ ብቻ ቢጠጣ ብዙው ተመልሶ ይወጣል። ጨውና ስኳር ተመጥነው ያሉበት ውሃ ሲጠጣ ግን ተቅማጡ እየወረደም ቢሆን ውሃው ወደ ሰውነት ይገባል።

ይህ እውቀት እንዴት ተገኘ?

አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ክሬን የሶዲየምና የግሉኮስን የጋራ በር ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው። በ1968 ዳካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች የኮሌራ ታማሚዎች በአፍ በሚሰጥ የጨውና የግሉኮስ ውህድ ሊታከሙ እንደሚችሉ አሳዩ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ነው። በሕንድ ድንበር ላይ በምትገኘው ቦንጋኦን በተቋቋመ የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ተነሳ፣ የደም ሥር ፈሳሽም አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጠው ለቤተሰብ ሰጡ፤ እናቶችና ዘመዶች ታማሚዎቻቸውን በጽዋ አጠጡ። ቀድሞ 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሞት መጠን ሕክምናው በተሰጣቸው ዘንድ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ያንን ሥራ የሠሩት በአብዛኛው በሕክምና ያልሠለጠኑ የቤተሰብ አባላት ነበሩ።

በከረጢቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚመክሩት ውህድ ለአንድ ሊትር ውሃ የሚከተለውን ይይዛል፦

• የገበታ ጨው (ሶዲየም ክሎራይድ) 2.6 ግራም
• ግሉኮስ 13.5 ግራም
• ፖታሲየም ክሎራይድ 1.5 ግራም
• ሲትሬት 2.9 ግራም

በጠቅላላው 20.5 ግራም ነው። በዚህ መጠን ሲበጠበጥ ሶዲየሙና ግሉኮሱ በቁጥር እኩል ይሆናሉ። የፈሳሹ ውፍረት 245 ይሆናል፤ የደማችን ደግሞ 290 አካባቢ ነው። ኦአርኤስ ከደም ትንሽ ስለሚቀጥን ውሃው ከአንጀት ወደ ሰውነት ይሄዳል።

አሁን ወደ ብርጭቆው እንመለስ። ያው ከረጢት በግማሽ ሊትር ቢበጠበጥ ውፍረቱ 490 ይሆናል። በሩብ ሊትር ብርጭቆ ቢበጠበጥ ደግሞ ወደ 980 ይደርሳል፤ ከደማችን ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውሃው ከልጁ ሰውነት ወደ አንጀቱ ይሳባል፣ ተቅማጡ ይብሳል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨውም ከልክ አልፎ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። «እንዲጠነክር» ተብሎ የተወፈረ ኦአርኤስ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ኦአርኤስ እንዴት ይዘጋጃል?

1. እጅዎን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ።
2. አንድ ሊትር ውሃ ይለኩ። የአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ፕላስቲክ ካለ በእሱ ይለኩ። ከሌለ ባለ 330 ሚሊ ሊትር የቢራ ጠርሙስ በደንብ አጥበው ሦስት ጊዜ ሞልተው ይገልብጡ፤ ይህ አንድ ሊትር ያህል ነው።
3. የወንዝ ወይም የምንጭ ውሃ ከሆነ አስቀድመው አፍልተው ያቀዝቅዙት፣ ወይም በውሃ ማከሚያ ያክሙት።
4. አንዱን ከረጢት ሙሉውን ይጨምሩና እስኪሟሟ ያማስሉ። ከከረጢቱ ከፍሎ መጠቀም አይገባም። ስኳር፣ ጨው፣ ማር ወይም ሌላ ነገር አይጨምሩበት። ከተበጠበጠ በኋላ አያፍሉት።
5. ከድነው ያስቀምጡ። 24 ሰዓት ካለፈው ይድፉትና አዲስ ይበጥብጡ።

ከረጢቱ በማይገኝበት ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያልተከመረ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ያልተከመረ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ፖታሲየም ስለሌለው የከረጢቱን ያህል አይሆንም፤ ጨው ከተሳሳተም አደገኛ ነው። ከረጢቱ እስኪገኝ ድረስ ለመሸጋገሪያ ብቻ ይጠቀሙበት።

ምን ያህል ይሰጣል?

በሰውነቱ የውሃ ማነስ ምልክት ላልታየበት ሕመምተኛ፣ ከእያንዳንዱ ቀጭን ተቅማጥ በኋላ፦

• ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር
• ከ2 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር
• ለትልልቅ ልጆችና ለአዋቂዎች የፈለጉትን ያህል

ለሕፃናት በማንኪያ ወይም በጽዋ ቀስ እያሉ ይስጡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ይጠብቁና በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ እየሰጡ ይቀጥሉ። ማስመለሱ የጠጣው ሁሉ ወጣ ማለት አይደለም።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አያቋርጥ፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ምግብ የጀመረ ልጅም ምግቡ አይከልከል። የዚንክ ኪኒን ከኦአርኤስ ጋር ለልጆች ይሰጣል፦ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር በላይ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ እስከ መጨረሻው ይሰጥ፤ የአንጀትን ሽፋን እንዲያገግም ይረዳል።

በተደጋጋሚ የሚፈጸሙ ስህተቶች

«ሲጠጣ ይወጣል» ብሎ መከልከል። ኦአርኤስ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም። ሥራው የወጣውን መተካት ነው። ተቅማጡ እየቀጠለ ልጁ ከነቃ፣ ሽንት ከሸና፣ አፉ ከረጠበ ሕክምናው እየሠራ ነው።

ለስላሳ መጠጥ መስጠት። በአንድ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 100 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ጨው ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስኳሩ ውሃን ወደ አንጀት ይስባል። ወፍራም የማር ብጥብጥም እንዲሁ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር በምንም መልኩ አይሰጥም።

ቡና ወይም የቡና ቅጠል መጠጥን በኦአርኤስ ምትክ መስጠት። የሶዲየሙና የግሉኮሱ መጠን ስላልተለካ የጋራውን በር እንደ ኦአርኤስ አይከፍትም። ለሕፃናት ደግሞ ካፌይኑ አይስማማም።

ያለ ትእዛዝ ፀረ ባክቴሪያ መግዛት። አብዛኛው የሕፃናት ውሃማ ተቅማጥ በፀረ ባክቴሪያ አይድንም። ደም ያለበት ተቅማጥና ኮሌራ ሲኖር ሐኪሙ ይወስናል።

በቤት ውስጥ በደም ሥር ማስወጋት። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ጨዉ ተመጥኖ የተዘጋጀ ነው። ባዶ ውሃ በደም ሥር ቢገባ በኦስሞሲስ ሕግ ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ገብቶ ያፈነዳቸዋል። ይህ ሕክምና በጤና ተቋም ብቻ ይሰጥ።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ቅርብ ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ፦

• ልጁ ከደነዘዘ፣ ከተለመደው በላይ ካንቀላፋ ወይም ራሱን ከሳተ
• መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ወይም የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ
• ዓይኑ ከሰረጎደ፣ የሕፃኑ እርግብግቢት ከጎደጎደ
• የሆድ ቆዳው ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰ
• ለ6 ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና
• በሰገራው ደም ካለ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም መንቀጥቀጥ ካለው
• እንደ ሩዝ ማጠቢያ ያለ ነጣ ያለ ብዙ ተቅማጥ ከወረደው፣ ወይም በአካባቢው አተት ከተነገረ
• ልጁ በጣም የቀጨጨ ከሆነ ወይም እግሩ ካበጠ፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚሰጠው ውህድና መጠን የተለየ ነው

የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውም በራሱ ብዙ ከመጠጣቱ በፊት ባለሙያ ያማክር። የስኳር ሕመምተኛ በውስጡ ግሉኮስ አለ ብሎ ኦአርኤስን አይፍራ፤ ይጠጣ፣ የደም ስኳሩን ግን ይከታተል።

መንገድ ሲጀምሩ ኦአርኤሱን በጥብጠው በፕላስቲክ ይያዙ። ልጁ መዋጥ እስከቻለ ድረስ በመንገዱ ሁሉ በማንኪያ ይስጡት። «ሐኪም ይየው» ብለው አያቁሙ።

ተቅማጥን መከላከል

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ኦአርኤስና ዚንክን እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ አድርሷል። ከቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁለት ከረጢት ወስደው ቤት ቢያስቀምጡ ሌሊት ለሚመጣ ተቅማጥ ይደርሳል። የሮታ ቫይረስ ክትባትም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት ይሰጣል፤ ልጅዎ መውሰዱን ያረጋግጡ።

ቡና በሚለቀምበት ወራት በቴፒና በሚዛን ዙሪያ ብዙ ሠራተኛ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። የመጠጥ ውሃ ማከም፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀምና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ በዚህ ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋሉ። ቡና ከሚታጠብበት ቦታ በታች ካለ ወንዝ ለመጠጥ መቅዳትም አይገባም።

ማስታወሻ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ እውቀት የቀረበ ነው፤ በአካል የሚደረግን ምርመራ አይተካም። ከላይ ከተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች አንዱን ካዩ ኦአርኤስ እየሰጡ ጉዞ ይጀምሩ።